ቦዩ ላይ የቀረ ጎማ

ጎረምሳው ስሙ ነው እንጂ ጎረምሳ አልነበረም። ከቤቱ ልጅ በዕድሜ የሚበልጥ መኪና ነው። ሁለት በር ብቻ ያለው፣ ኮፈኑ እንደ ምግብ ጠረጴዛ የተዘረጋ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ነዳጅ ሲረግጡለት የኋላ ጎማዎቹ አስፋልቱን ጭረው የሚነሡ፣ ጡንቸኛ ከሚባሉት የድሮ መኪኖች አንዱ።

ቀጥ ባለ መንገድ ሲሄድ ድምፁ የሞተር ድምፅ ነው። ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ግን ከኋላ፣ ከሆዱ ሥር፣ ሌላ ድምፅ ያወጣል። «እህምምም» የሚል፣ ሊናገር አስቦ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው የሚመስል ማጉረምረም። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። የቤቱ ልጅ አፏን ስትፈታ «ያጉረመርማል» ማለት አቅቷት «ጎረምሳል» አለች፤ ቤተሰቡ ስቆ ስቆ ሲያበቃ ጎረምሳው ተብሎ ቀረ።

በዚያ ቤት ይህ ድምፅ ጥሩንባም የበር ደወልም ነበር። አባወራው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ሰፈሩ በሙሉ አባባ ይላቸዋል። አመሻሽ ላይ የሥራ መኪናቸውን አቁመው በጎረምሳው ይመለሳሉ። ከመንገዱ ወደ ግቢው በር ሲታጠፉ ጎረምሳው ያጉረመርማል፤ ሚስታቸው እትዬ የያዙትን ጥለው ይወጡና በሩን ይከፍታሉ። «መጣሁ» ተብሎ አያውቅም። «ማነው?» ተብሎም አያውቅም።

አንድ ማታ ጎረምሳው አጉረመረመ፣ እትዬ ወጥተው በሩን ከፈቱ፣ መኪናው ግን አልገባም። ከበሩ ፊት ለፊት፣ በመንገዱ ዳር፣ ክፍት የዝናብ ውሃ ቦይ አለ። የግራው የኋላ ጎማ ቦዩ ላይ ተንጠልጥሎ ለብቻው አየር ላይ ይሽከረከራል፤ የቀኙ መሬት ላይ ቆሟል። አባባ መሪውን እንደያዙ ነበር። እግራቸው ነዳጁ ላይ ነበር። ጎማው ይዞራል፣ ልባቸው ቆሟል። ጎረቤት ተሯሩጦ በሌላ መኪና ሆስፒታል ወሰዳቸው፤ ከሆስፒታል ወደ መቃብር ሄዱ። ወደ ግቢያቸው ግን አልተመለሱም።

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን መኪናውን የሚነዳው አማቻቸው ነው። በያጅ ነው። አባባ በሕይወት ሳሉ «ብልጭታ» ብለው ስም አወጡለት። ከብየዳው እሳት ነው ይበሉ እንጂ፣ ሲናገር ብልጭ ብሎ ወዲያው ስለሚጠፋ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በጣም ዓይን አፋር ነው። ከአማቱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ ፊት ለፊት ቆሞ ቀና ብሎ አይቷቸው አያውቅም። እትዬም በስም ጠርተውት አያውቁም። እሱ እዚያው ፊታቸው ተቀምጦ ለልጃቸው «ያ ያንቺ ሰውዬ ሻይ ይጨመርለት እንደሆነ ጠይቂው» ይላሉ። ልጅቷም «አንተ ያ የኔ ሰውዬ፣ ይጨመርልህ?» ትለዋለች። እሱም ኩባያውን ይዘረጋል።

ማታ ማታ ብልጭታ ከብየዳ ቤቱ ይመለሳል። ወደ በሩ ይታጠፋል። ጎረምሳው ያጉረመርማል። በሩ ይከፈትና እትዬ መሃል ላይ ቆመው፣ ፊታቸው እንደ ልጃገረድ ፊት በርቶ፣ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ያያሉ። ለቅጽበት ነው። እሱ ገብቶ በሩ ሲዘጋ ያ ብርሃን ይጠፋል፤ እትዬ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ይገባሉ።

ሚስቱ ይህን በመስኮት ታያለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ማውራት ለምዳለች።

«እማዬ አባባን በየማታው ነው የምትቀብረው» አለችው አንድ ቀን። «ጠዋት ትንሽ ይሻላታል። ማታ አንተ መሪ ታዞርና እንደ አዲስ ትቀብረዋለች። አይበቃትም?»

«ምን ላድርግ? በአጥር ዘልዬ አልገባ።»

«ያንን የመኪናውን ጉሮሮ አስጠግነዋ።»

«እሺ።»

«እሺህን አውቀዋለሁ። ዓመት የሚፈጅ እሺ ነው።»

እውነቷን ነው። ያልነገራት ነገር ነበር። ብልጭታ እናቱን አያውቃትም፤ ያደገው ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው ሲወረወር ነው። በዕድሜው በር ከፍቶ በዚያ ዓይነት ፊት ያየው ሰው የለም። ፊቱ የበራው ለእሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ሆኖም ከብየዳ ቤቱ ከመውጣቱ በፊት እጁን ደጋግሞ በሳሙና የሚፈትገው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚቀይረው ለዚያች ቅጽበት ነበር። የሞተ ሰው ሰላምታ እየሰረቀ መሆኑ ይታወቀዋል። ቢያፍርበትም መተው አልቻለም።

የቸኮለው መኪናው ራሱ ነው። ዝናቡ ሲገባ፣ ወደ ሰፈሩ በሚያወጣው ዳገት ላይ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ለብቻው ይሽከረከር ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ የተሰፉ ልብሶች ታቅፋ ጎኑ ተቀምጣ ሳለ ጎረምሳው ከዳገቱ ወገብ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተና በአንድ የግንብ ጥግ ተደግፎ ቆመ። ሚስቱ ከንፈር ላይ ያን ጊዜ ስፒል አልነበረም። ቢሆንም «ነገ» ብቻ አለች።

ጋራዡ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ነው። መካኒኩን ጋሽ ጆሮ ይሉታል። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደቅኖ የሞተሩን ሕመም ስለሚያዳምጥ ነው። ቀልዱ ግን ወዲህ ነው። ድሮ ጎማ ሲነፋ ፈንድቶበት ቀኝ ጆሮው ድርግም ብሎ ጠፍቷል። «ደንበኛ ሲነዘንዘኝ በቀኜ ነው የምሰማው» ይላል። የሚያውቁት ሁሉ በግራው ዞረው ነው የሚያናግሩት።

ጎረምሳውን ከኋላ በክሪክ አንሥቶ ሁለቱንም ጎማዎች ከመሬት አላቀቀና ማርሹን ነጻ አደረገ።

«ና፣ የግራውን ጎማ ወደ ፊት አዙረው» አለ።

ብልጭታ አዞረው። የቀኙ ጎማ በዝግታ ወደ ኋላ ዞረ።

«አየህ? ደህና ቢሆን ኖሮ ተከትሎህ ወደ ፊት ነበር የሚመጣው። እነዚህ ተፋተዋል። አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል።»

ብልጭታ ደግሞ አዞረው። የቀኙ ደግሞ ወደ ኋላ ሄደ። የሆነ ነገር ጀርባውን በቀዝቃዛ እጅ የነካው መሰለውና እጁን ከጎማው ላይ አነሣ።

ጋሽ ጆሮ የጎረምሳውን ሆድ ከፍቶ ዲፈረንሻሉን አወጣው። የሕፃን ራስ የሚያህል፣ በጠቆረ ዘይት የተለወሰ ብረት ነው። በሥራ ጠረጴዛው ጫፍ በሞርሳ መቆንጠጫ አሰረው፤ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ጋራዡን ሞላው። ከውስጡ ያሉት ስስ ዝርግ ብረቶች ተልገው እንደ መስታወት ያበራሉ።

«ይህ ነገር ዳኛ ማለት ነው» አለ ጋሽ ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ የውስጡ ትንሽ። የሚያስማማቸው ዳኛ ያስፈልጋል። ተራው ዲፈረንሻል ሞኝ ዳኛ ነው፤ አንዱ ጎማ ከተንሸራተተ ኃይሉን ሁሉ እሱ እንዲያባክነው ይተውለታል። መሬት የያዘው ቆሞ ያያል። የማያንሸራትተው የተሠራው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲያለግም ሌላውን ይዞት ይጎትታል።»

«ይኸኛው የማያንሸራትተው ነበር?»

«ነበር። ሲያረጅ መያዙን ተወ፣ ማጉረምረሙን ግን አልተወም። እንደ ሽማግሌ።» ብቻውን ሳቀ። «አሁን የሚተካውን መምረጥ ያንተ ነው። አንደኛ ቆላፊው አለ። የሁለቱን ጎማ ዘንግ በካቴና እንደ ማሰር ነው። ከጭቃ ለማውጣት አቻ የለውም። ግን በየመታጠፊያው ቋ፣ ቋ እያለ ይጣላሃል፤ ርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ሁለቱንም ጎማ ይዞ ይጠፋል።»

«ሚስቴ ትቆጣለች።»

«እንግዲያው ይቅርብህ። መኪናህም ሚስትህም ከተቆለፉብህ የት ታድራለህ? ሁለተኛው ባለ ሸራው ነው፤ ይኸው ራሱ። እንደ ፍሪሲዮን ሸራ ያሉ ዝርግ ብረቶች በሞላ፣ በጥቅልል ብረት፣ ተጨቁነው ሁለቱን ዘንግ ያያይዛሉ። አንዱ ጎማ አየር ላይ ቢንጠለጠል እንኳ ሌላውን ይጎትታል። ጥፋቱ፣ ሸራው ያልቃል። ደግሞ ዘይቱ ላይ ከዚህች ካልጨመርክለት ሲታጠፍ ያጉረመርማል።» ከመደርደሪያው ላይ ከመድኃኒት ጠርሙስ የማትበልጥ ጠርሙስ አንሥቶ አሳየው።

«ምን አልክ?» አለ ብልጭታ።

ጋሽ ጆሮ የግራ ጆሮውን አዞረለት። «አንተ ምን አልክ?»

«ማጉረምረሙ ከምንድን ነው አልክ?»

«ሸራው ይይዝ ይለቅ፣ ይይዝ ይለቅ ሲል ነዋ። ይህች ታለሰልሰዋለች። ጠብ ካደረግክለት ትንፍሽ አይልም።»

«አባባ ይህን አያውቁም ነበር?»

መካኒኩ ጠርሙሷን በእጁ ሲያገላብጣት ቆየ።

«ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ጠርሙሷን አነሣለሁ፣ እሳቸው ከእጄ ይቀሙኛል። አንድ ቀን 'አባባ፣ ሸራውን እኮ እየጨረሱት ነው' ብላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? ሚስትህ ጨቅላ ሳለች ጥሩንባ ያስደነግጣት ነበር። እትዬ 'ሁለተኛ በሩ ላይ ጥሩንባ እንዳትነፋ' ብለው አስጠነቀቋቸው። ከዚያ ወዲህ ጎረምሳው ይጠራልኛል አሉ። 'እሷ ጆሮዋ ያውቀዋል። ያቺን ጠርሙስ ጨምረህ አንደበቴን እንዳትዘጋው' አሉኝ።»

ብልጭታ በሞርሳ ወደታሰረው ብረት አየ። ቤቱ በሙሉ ጎረምሳው ስላረጀ ያጉረመርማል ብሎ ያምን ነበር። ለካ ብልሽት አልነበረም፤ የአባባ ቃል ነበር። እሱ ደግሞ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል በአፉ ይዞ ሲገባ ኖሯል።

«ሦስተኛውስ?» አለ በመጨረሻ።

«ባለ ጥርሱ። ሸራ የለው፣ ሞላ የለው፤ ጥርስ በጥርስ የተነካከሰ ነው። ተራ ዘይት ይበቃዋል፣ ቶሎ አያልቅም፣ ድምፅም የለው። አንድ ዓመል ግን አለው። አንዱ ጎማ ጨርሶ አየር ላይ ከተንጠለጠለ እንደ ሞኙ ዳኛ ይሆናል። ሁለቱም መሬት ካልነኩ አያውቅህም።»

«በራችን ላይ ቦይ አለ።»

«ቦዩን አውቀዋለሁ» አለ ጋሽ ጆሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጎረምሳውን ያን ዕለት ከዚያ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም? ስለዚህ ለአንተ ባለ ሸራው ይሻልሃል። አዲስ ሸራ አስገባበታለሁ። ጠርሙሷን ጨምር፣ ወይም አትጨምር። እሱ የቤታችሁ ጉዳይ ነው። እስከ ነገ አስብበት።»

ብልጭታ በእግሩ ወደ ቤት ተነሣ። ዝናቡ ለስለስ ብሎ ይወርዳል። እየሄደ ሐሳቡን ጨርሶ ነበር ማለት ይቻላል። ባለ ሸራውን ያስገባል። ለሚስቱ ጠርሙሷ ተጨምራለች ይላታል። ድምፁ ሲቀጥል ደግሞ «እንግዲህ መካኒኩን ጠይቂው» ይላል። በሩ ይከፈታል፣ ያ ፊት ይበራል፣ ማንም አይጎዳም። አባባም ቢሆኑ እንዲህ ነበር የሚፈልጉት። ይህን ሲያስብ ራሱን ያደነቀ መሰለው፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ።

ከዳገቱ ላይ ሲደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩ መሃል ሰው የለም።

እትዬ መንገድ ላይ ነበሩ። ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ ቦዩ አፋፍ ላይ ተንበርክከው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ውሃው ውስጥ ከተው ይዳብሳሉ። ከታች የጭነት መኪና መብራት ዳገቱን ይዞ ወጣ። ጥሩንባው ጮኸ። እትዬ ቀና አላሉም። ብልጭታ ሮጦ በብብታቸው ይዞ ወደ በሩ ሳባቸው፤ መኪናው ጭቃውን ረጭቶባቸው አለፈ። አማቱን በእጁ ሲነካ ይህ የመጀመሪያው ነው። አጥንታቸው የወፍ አጥንት ነው የሚያህለው።

«እትዬ! ምን ሆኑ? ምን እየፈለጉ ነው?»

«ታጠፈ» አሉ እሱን ሳያዩ። «ሲታጠፍ ሰማሁት። በሩን ከፈትኩለት፣ አልገባም። ጎማው እዚህ ውስጥ ቀርቶበት ይሆናል።»

«እትዬ፣ መኪናው እኮ ጋራዥ ነው። ክሪክ ላይ ነው፣ ሆዱ ተከፍቶ። እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«መኪናውን ማን ጠየቀህ?»

ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው አእምሮው የተቃወሰ ሰው ዓይን አልነበረም። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም።

«በየማታው እንዲህ ነው» አሉ ዝግ ብለው። «አንተ ትታጠፋለህ፣ እሱ ይጠራኛል። በሩን ስከፍት ይዘኸው የመጣህ ይመስለኛል። ደስ ይለኛል። በሩ ሲዘጋ ግን አንተ ገብተሃል፣ እሱ እዚህ ቀርቷል። በየማታው እዚህ እንተወዋለን። ብርድ ላይ።»

ሚስቱ ፎጣ ይዛ እየሮጠች መጣች። እናቷን አቅፋ አስገባቻቸው። ብልጭታ በሩን ሊዘጋ ሲል መዝጊያውን ይዞ ቆመ። ወደ ቦዩ አየ። ውሃው ብቻ ነው የሚወርደው። ገፍቶ ዘጋው። ከቤቱ ደጃፍ ላይ የአባባ ነጠላ ጫማዎች አፋቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ተቀምጠዋል።

«አንቺም ሰማሽው?» አላት ሚስቱን በኋላ።

«እኔ ማሽኑ ላይ ነበርኩ» አለች። ከዚያ ስፒሏን ከከንፈሯ አውጥታ የስፒል ማኖሪያዋ ላይ ሰካቻት። «አትጠይቀኝ።»

ጠዋት ጋራዡ ሲደርስ ጋሽ ጆሮ ሥራ አልጀመረም። ገና ያልተነካ ሻይ ፊቱ አስቀምጦ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አሮጌው ዲፈረንሻል እንደ ትናንቱ በሞርሳ ታስሯል። ከላዩ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል።

ብልጭታ በግራው በኩል ዞሮ ቆመ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ይህን ነገር ነካክተኸው ነበር?»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። ነካክተኸው ነበር?»

«አልነካሁትም» አለ መካኒኩ። «በሞርሳ የታሰረ ነገር ለብቻው አይዞርም። እዚያ ቧንቧው ጋ እጄን እየታጠብኩ ነበር፣ ጀርባዬን ሰጥቼው። አጉረመረመ።»

«የጎረቤት መኪና ይሆናል።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ብልጭታ፣ ስማኝ።» የቀኝ ጆሮውን በጣቱ ነካ። «በዚህ ነው የሰማሁት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሳሳቁ ነበር። ሁለቱም ወደ ጨርቁ አዩ። ከጋራዡ በር ውጪ አንድ ሰው ጎማ እየነፋ ነበር፤ የአየሩ ድምፅ ቆመ።

«ባለ ጥርሱን ግጠምልኝ» አለ ብልጭታ።

«ቦዩስ? ነገርኩህ እኮ፣ አንዱ ጎማ ከተንጠለጠለ—»

«ቦዩን ለእኔ ተወው።»

«ከጠርሙሷ ጋር እኮ ባለ ሸራውም ድምፅ የለው። ምን አደከመህ?»

ብልጭታ መሬት መሬት አየ። «ጠርሙሷ በእጄ ከሆነች አንድ ቀን እረሳታለሁ።»

«ምን ያስረሳሃል? እኔ አስታውስሃለሁ።»

«ረስቼ አይደለም የምረሳት።»

ጋሽ ጆሮ ትክ ብሎ አየው። በየትኛው ጆሮው እንደሰማው እንጃ፣ ገባው። ተነሥቶ ቁልፎቹን ይለቃቅም ጀመር።

ዲፈረንሻሉ እስኪገጠም ብልጭታ ሥራውን ወደ ግቢው በር ደጅ አመጣው። ለቦዩ መሸፈኛ ወፍራም ላሜራ ቆረጠ። ከሥሩ አንግል ብረት እየበየደ አጠናከረው፤ ጎማ እንዳያንሸራትት ከላዩ ቀጫጭን ብረት አግድም አግድም ደረደረበት። ቦዩን በእጁ ጠረገ፤ ጭቃውን፣ ቅጠሉን፣ የተቀበረ የመኪና ጎማ ቁራጭ አወጣ። ያን ቁራጭ ለጊዜው በእጁ ይዞት ቆየ፤ አልጣለውም፣ ከአጥሩ ጥግ አስቀመጠው።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ልጃቸው ከኋላቸው ናት።

«ያ ያንቺ ሰውዬ ምን እየሠራ ነው?»

«ጠይቂው እማዬ። አፍ አለው።»

«ካለው አንድ ቀን አሳዪኝ።»

ብልጭታ የብየዳ መከላከያውን ከፊቱ ላይ ሳያነሣ፣ ምናልባትም ከፊቱ ላይ ስለነበር፣ «ማንም ጎማ እንዳይቀር ነው፣ እትዬ» አለ።

እትዬ ጠጋ አሉ። ላሜራውን፣ ቦዩን፣ የተንበረከከውን ሰው በየተራ አዩና ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ሻይ መጣለት። ያመጣችው ልጅቷ ናት፤ ስኳሩን አብዝተው ያማሰሉት ግን እትዬ መሆናቸውን ከጣዕሙ አወቀ።

የጎረምሳው ጥገና ያለቀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሽ ጆሮ ጋራዡ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አዙሮ አሳየው። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ በዝግታ ዞረ። ምንም የለም። ከኋላ የሚሰማው የጎማ እርምጃ ብቻ ነው።

«እንደ ድመት» አለ ጋሽ ጆሮ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ወደ ሞርሳው ጠቆመ። «አሮጌውን ለብረት ለቃሚ ልስጠው? እኔ ጋ እንዲያድር አልፈልግም።»

«የለም» አለ ብልጭታ። «ይዤው እገባለሁ።»

በጆንያ ጠቅልሎ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀመጠው። ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ከሥሩ ብርድ ልብስ አነጠፈለት።

ዳገቱን ወጣ። ጭቃ ላይ ሁለቱም ጎማዎች ተናበው ጎተቱት፤ ጎረምሳው አንዴም አላለገመም። በሩ ጋ ሲደርስ ቀን ከማታ ሊለይ ነበር። ፍጥነቱን ቀነሰ፣ መሪውን አዞረ።

ዝም።

ያን ዝምታ አስቀድሞ አስቦት ነበር፤ እንዲህ ይከብዳል ብሎ ግን አላሰበም። ጆሮው ድምፁን ይጠብቅ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ላሜራው ላይ ወጡ፦ ድም። የኋላዎቹ ወጡ፦ ድም። ሁለቱም መሬት ነክተዋል። አንድም የተንጠለጠለ የለም። መኪናውን በሩ ፊት ለፊት አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

በሩ አልተከፈተም።

እጁ ወደ ጥሩንባው ሄደና አስታወሰ። ወረደ። በሩ ፊት ቆሞ፣ ንጹሕ የታጠበ እጁን አንሥቶ፣ በጣቱ አጥንት አንኳኳ።

«ማነው?» አሉ እትዬ ከውስጥ። ለዚህ ሰዓት፣ ለዚህ በር አዲስ ጥያቄ ነው።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

ብልጭታ አፉን ከፈተ። አማችዎ ቢል የመሥሪያ ቤት ነገር ይመስላል። ብልጭታ ቢል አባባ ያወጡለት ነው። ያ የልጅዎ ሰውዬ ማለት ደግሞ አይቻል። የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ደግሞ በሕይወቱ ለማንም ብሎ አያውቅም፣ እንዴት እንደምትባልም እርግጠኛ አልነበረም።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለ።

ከውስጥ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንሸራተተ። እትዬ በበሩ መሃል ቆሙ። ፊታቸው እንደ በፊቱ አልበራም። እንደ በፊቱም አልጠፋም። እሱን አዩት፤ በመስታወት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ሳይሆን እሱን ራሱን፣ ሸሚዙን፣ ጥፍሩ ሥር ያልለቀቀውን ጥቁረት፣ የደነገጠ ዓይኑን።

ከኋላው፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ፣ ሞተሩም ጠፍቶ ሳለ፣ ላሜራው ድም አለ።

እንደ ጎማ ከባድ አልነበረም። የሰው እግር የረገጠው ያህል ነው።

ብልጭታ ዞር አላለም። እትዬ በትከሻው ላይ አሻግረው አዩ። ሳይቸኩሉ፣ ከራስ እስከ እግር አንድን ሰው እንደሚያዩ አዩ። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን ወደ ጎን ሳብ አድርገው መንገድ ለቀቁ።

«ምን ትገተራላችሁ ብርድ ላይ» አሉ። «ግቡ እንጂ፣ ሁለታችሁም።»

ብልጭታ ሁለቱንም መዝጊያ ከፈተ፣ መኪናውን አስገባ፣ ተመልሶ አንደኛውን መዝጊያ ገጠመ። ሌላውን በእጁ እንደያዘ ግን ወዲያው አልገፋውም። አንድ ሽማግሌ ሳይዋከብ የሚያልፍበትን ያህል ክፍቱን ይዞለት ቆመ። ከዚያ ዘጋው።